መቅዘፊያ የሌላት ጀልባ

እናንተ ሰፈር እድር አለ? ይኖራል እንጂ። እንግዲያው እንደ ወንድም ልምከራችሁ፤ ሰው ካልሞተባችሁ በቀር የእድር ሸራ አትዋሱ። ለልደት አትዋሱ፣ እህል ለማስጣት አትዋሱ፣ ለሳይንስ ደግሞ ጨርሶ እንዳትሞክሩት። እኔ ለሳይንስ ብዬ ተውሼ ያየሁትን ጉድ ሳስበው ዛሬም ልቤ ድው ይላል።

መጀመሪያ ማንነቴን ልናገር። ቦሌ ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሳሸጋግር የምውል ሰው ነኝ። ጀልባ የተሳፈርኩት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሾፍቱ ላይ፣ እስክንወርድ ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ። ቤቴ ለሚ ኩራ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ስለሆነ ከባልዲ የሰፋ ውሃ ካየን እንደነግጣለን። እንዲህ ያለ ሰው ተነስቶ ጀልባ ሠሪ ሲሆን ጥፋቱ የማን ነው ብትሉኝ የአማቴ ነው እላለሁ።

አማቴ አባባ አያሌው የጣና ዳር ሰው ናቸው። ታንኳ ሲገፉ ያረጁ፣ ለሽምግልና የተቀመጡበት ነገር እንደገና የማይነሳ፣ የተከበሩ አዛውንት። ሚስቴ ሰናይት ናት ለሕክምና ብላ ያመጣቻቸው። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቷል። ሐኪሙ አይቶ፣ «በቀላሉ ይገፈፋል፤ ከቆየ ግን ይከፋል» ብሎ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሰጠን። አባባ እዚያው በር ላይ ቆመው ሐሳባቸውን ተናገሩ።

«ዓይኔ ደህና ነው። ትንሽ ጉም ቢጤ ነው ያለው። ጉም ደግሞ ረፈድ ሲል በራሱ ይገፈፋል።»

ከዚያ ወዲያ ሰናይት ለመነች፣ አለቀሰች፣ አኮረፈች። እሳቸው ግን ከቀጠሮው በፊት ወዳገሬ ሸኙኝ አሉ። ነገሩ ግራ ያጋባ ነበር፤ ምክንያቱም በእኛ ዓይን ሰውየው ያን ያህል የባሰባቸው አይደሉም። ጠዋት ጠዋት ዳዊታቸውን ይዘው ገጹን እየገለጡ ይደግማሉ። ማን እንደገባ ገና ከበሩ ላይ ያውቃሉ። አንድ ቀን ማታ እንዲያውም መብራት ጠፍቶ ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ሆኖ ሳለ ዳዊታቸውን ሳያቋርጡ ሲቀጥሉ ሰምቼ፣ እንዴት ያለ ጸሎት ነው ብዬ ተደንቄያለሁ። መደነቄ ሳያንስ ቢሮ ሄጄም አውርቻለሁ።

ሰናይት ታዲያ አንድ ቀን ወጥ ቤት ጠርታ፣ «አንተ እንኳ አንድ ነገር አድርግ እንጂ» አለችኝ። የእኔ ችግር ይሄ ነው። አንድ ነገር አድርግ ስባል አደርጋለሁ።

እሑድ ምሳ በልተን ተቀምጠናል። አባባ ስለ ሐይቁ ያወራሉ። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ዳር ዳሩ ስንዝር እንኳ አይሞላም፤ ታንኳው ደለል ላይ ቁጭ ይላል፤ መቅዘፊያው ጭቃ ይዝቃል፤ ያኔ ጎልማሳው ሁሉ ወርዶ እስከ ጉልበቱ እየሰጠመ ይገፋል። እኔ ዝም ብዬ መስማት ስችል አፌን ከፈትኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«አባባ፣ ዘንድሮ እኮ ሁሉም በሞተር ሆኗል። ሞተር ቢገጠምለት ውልቅ ብሎ ይወጣል።»

«ሞተሩን ደለል ይበላዋል።»

«አይበላውም።»

«ይበላዋል፣ ልጄ።»

ክርክር ላይ «ልጄ» ከተባልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። በማግስቱ ቢጫ ጀሪካን በቁመቱ ሰንጥቄ፣ የተቃጠለ የጁስ መፍጫችንን ፈትቼ ምላጩን ከሥር ገጠምኩ፤ ለሞተር ደግሞ ከአንድ የልጅ መኪና አወጣሁ። የልጅ መኪናው የማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከሕንፃችን ጀርባ መንገድ ሊሠራ ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ አለ። የክረምቱ ውሃ ሞልቶት ከመኖሩ የተነሳ «ከኩሬው በስተግራ» እየተባለ አድራሻ ይሰጥበታል። መስቀል ካለፈ ወዲህ ውሃው ቀንሶ ልክ አባባ እንዳሉት ስንዝር ሆኗል። ጀልባዬን አስቀመጥኳት፣ ማብሪያውን ተጫንኩ።

ምላጩ ውሃ አላገኘም። ያገኘው ጭቃ ነው። ጭቃውን ይዞ ወደ ላይ ወረወረው፤ ጭቃውም በአየር ላይ ትንሽ ቆይቶ፣ ከቤተ ክርስቲያን በነጭ ነጠላ ሲመለሱ የነበሩት እትዬ ብርቄ ላይ አረፈ። እትዬ ብርቄ ምድር ቤት ነው የሚኖሩት። በእድራችን ለቅሶ ሲኖር ሙሾ የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ያላለቀሱበት ቀብር እንዳልተቀበረ ይቆጠራል። ቆመው አዩኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ቤትህ አዛውንት አልጋ ይዘው አንተ ጭቃ ታቦካለህ?»

አባባ አልጋ አልያዙም። ደረጃ መውረድ ስለማይወዱ ብቻ ከቤት አይወጡም። ይህን ላስረዳ አፌን ስከፍት እትዬ ብርቄ ሄደዋል። በኋላ እንደገባኝ ግቢው በሙሉ አባባን በሞትና በሕይወት መካከል አድርጎ ነበር የሚያስባቸው።

ጀልባዋን ጭቃዋን ሳላጥብ ይዤ ወጣሁ። አባባ ተቀብለው በጣታቸው ዳበሷት። ምላጩ ላይ የተጠመጠመውን ፌስታል ቀስ ብለው ፈቱና ሰጡኝ።

«በላው አይደል? ውሃ የሚነካውን ነገር ሁሉ ደለል ይነካዋል።»

«እንግዲያው ውሃ በማይነካ ነገር እነዳታለሁ» አልኩ።

«በምን?»

«በንፋስ። ቬንትሌተር ከላይ እሰቅልላትና ወደ ኋላ ሲነፍስ እሷ ወደ ፊት ትሄዳለች።»

አባባ ሳቁ። ዕንባቸው እስኪመጣ ነው የሳቁት። «ወደ ኋላ ተንፍሶ ወደ ፊት የሄደ ሰው አይተሃል?»

ይኼኔ ሰናይት ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ሴትዮዋ ነገር የምትይዝበትን ቦታ ታውቃለች። «አባዬ፣ ብትሄድስ?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ለፍርድ እንደተቀመጡ ሁሉ ተናገሩ። «ስንዝር በማይሞላ ውሃ ላይ፣ መቅዘፊያ ሳይነካት፣ ዘንግ ሳይገፋት፣ ከዳር እስከ ዳር ከሄደች እረታለሁ፤ ያን ሐኪም እሄድለታለሁ። ካልሄደች ግን ወዳገሬ ትሸኙኛላችሁ። ልመና የለም፣ ለቅሶም የለም። ደግሞ በዓይኔ አይቼ ነው። ሰው ነገረኝ ብዬ አልረታም።»

ተስማማን። ሰናይት እጃቸውን ሳመች። ያቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ከእኛ መሃል ልብ ያላት አልነበረም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ምን እንደሚመስል ሰናይትን ጠይቋት። ከቢሮ ስወጣ መገናኛ ወርጄ መንገድ ላይ በቻርጅ የሚሠራ ትንሽ ቬንትሌተር ገዛሁ። ሻጩ ለምን እንደፈለግኩት ጠየቀኝ። ለጀልባ ነው አልኩት። ዞር ብሎ ለጓደኛው፣ «ሙቀቱ ሰው መንካት ጀመረ» አለው። ታክሲ ውስጥ ቬንትሌተሩ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ በራሱ በራና አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ ሻሽ ጎተተ። ሻሹን ከክንፉ ላይ እስክናላቅቅ የእሷም የእኔም ፊት ቦርሳው ውስጥ ነበር። ረዳቱ፣ «ጥንዶች፣ ጉርድ ሾላ ወራጅ አላችሁ?» አለ።

ጀልባዋን ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም እንደገና ቀረጽኳት። ቬንትሌተሩን ከኋላዋ አቆምኩት። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ ስሞክራት ክብ እየሠራች ዞረች፤ ዞራ ዞራ እኔኑ አዞረችኝ። ከጀሪካኑ ቁራጭ ጭራ ሠርቼ ከንፋሱ ፊት ስተክልላት ቀጥ አለች። ግን ሳፋ ምን ያህል ይሰፋል? ገና መሄድ ስትጀምር ጠርዙን ትገጨዋለች። አባባም ከተቀመጡበት ሆነው፣ «ይህ ሐይቅ አይደለም፣ ሾርባ ነው» አሉ።

ቀጠሮው ሰኞ ነው። አባባ ልብሳቸውን ካሰሩ ቆይተዋል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ውሃ በሚመጣበት ቀን፣ የመጨረሻውን ሙከራ ለማድረግ ጀልባዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ቬንትሌተሩን በትልቁ አበራሁት። ከጀርባዋ ሰናይት ነፍታ በሰፌድ ያስቀመጠችው በርበሬ መኖሩን አላየሁም።

ቤቱ ቀላ። ሌላ የምለው የለም። አየሩ ራሱ ቀላ። ሰናይት እየሳለች ወደ በረንዳ፣ እኔ እያስነጠስኩ ወደ መታጠቢያ፤ መታጠቢያው ገና ውሃ አልመጣለትም። አባባ ብቻ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ በጋቢያቸው አፍንጫቸውን ይዘው፣ «አሁን ሁላችንም እኩል ነው የምናየው» አሉ። ቀልድ መስሎኝ በዚያ ሁሉ ማቃጠል ውስጥ ሆኜ ሳቅኩ።

ሰናይት ፊቷን አብሳ፣ ዘንቢሏን አንስታ በሩ ላይ ቆመች። «መገናኛ ሄጄ በርበሬ ገዝቼ እመለሳለሁ። ስመለስ ወይ የሚሄድ ጀልባ ላግኝ፣ ወይ የሚያስብ ባል ላግኝ።»

ሁለተኛው ስለማይቻል ወደ መጀመሪያው ሮጥኩ። የሚያስፈልገኝ ሰፊና ጠፍጣፋ ውሃ ነው። ግቢው ውስጥ ከግንባታ የተረፈ ብሎኬት አለ፤ እሱን በአራት ማዕዘን ብደረድር፣ ውሃ የማያሳልፍ ሸራ ባነጥፍበት፣ የግቢው ቧንቧ ውሃ ሲመጣለት በጎማ ብሞላው ኩሬ ይሆናል። ሸራ ያለው ማን ነው? እድሩ ነው።

የእድሩ የንብረት ኃላፊ ጋሽ ግርማ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚኖሩ ጥንቁቅ ሰው። ሌላ ቀን አንድ አግዳሚ ወንበር ብትጠይቃቸው የእድሩን ደንብ ከአንቀጽ አንድ ይጀምሩልሃል። በራቸውን አንኳኳሁ። ዓይኔ አብጧል፣ ቀልቷል፣ ዕንባዬ በሁለቱም ጉንጬ ይወርዳል፣ አፍንጫዬም አላረፈም።

«ጋሽ ግርማ፣ ሸራውን ፈልጌ ነበር» አልኩ እየተናፈጥኩ። «ለአባባ ነው።»

ጋሽ ግርማ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ምንም አልጠየቁኝም። ትከሻዬን ያዝ አድርገው ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ።

«በርታ ልጄ። ሌላውን ለእኔ ተወው።»

በሕይወቴ እንዲህ በቀላሉ ሸራ ያገኘሁበት ቀን የለም። ለካ በዚህ አገር ሳይንስ የገባቸው ሰዎችም አሉ ብዬ ልቤ ተነካ።

የእድር ሰው ግን እንዲህ አይደለም የሚያስበው። ሸራ ሊወስድ ዕንባውን እያፈሰሰ የመጣን ሰው ማን ሞተብህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ኀዘንተኛ አፍ የለውም፤ አፉ እድሩ ነው። ይህን እኔም አሳምሬ አውቃለሁ፣ ለሌላው ስንት ጊዜ ድንኳን ተክያለሁ። ያን ቀን ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ከቬንትሌተር በቀር አንድም ነገር አልነበረም።

ብሎኬቱን ደርድሬ፣ ሸራውን አንጥፌ፣ ጎማውን ለቅቄ ውሃው ሲሞላ በደስታ ቆሜያለሁ። ወዲያው የእድሩ ወጣቶች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው መጡ። ለተመልካች መሆኑ ነው ብዬ፣ «እዚህ፣ እዚህ፣ ወደ ውሃው አዙሩት» አልኳቸው። የድንኳን ምሰሶ መጣ። ጋሽ ግርማ ፀሐዩን አስበውልኝ ነው አልኩ። አንዱ ወጣት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ውሃው ለምንድን ነው?» አለኝ።

«ለአባባ ነዋ። የጣና ሰው አይደሉ?»

ወጣቶቹ ተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። በኋላ እንደሰማሁት፣ የጣና ዳር ሰው ሲሞት ውሃ ይነጠፍለታል የሚለው ወሬ ከእኛ ግቢ ተነስቶ ሦስት ሕንፃ ተሻግሯል። አንዱማ አያቱም እንደዚያ ተደርጎላቸው እንደነበር መስክሯል አሉ።

ጀልባዋን ላመጣ ወደ ደረጃው ስራመድ ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ከቤታቸው ወጡ። ከየሕንፃው ሴቶች ተከተሏቸው። እኔ ደነገጥኩ። ጎረቤት ሞቶ ሳልሰማ ድንኳን ሥር ቀልድ ይዣለሁ ብዬ አፈርኩ፤ ድንኳኑ ለካ ለዚያ ነው አልኩ። ሄጄ ከወንዶቹ ጋር ቆምኩና፣ ዓይኔም ዝግጁ ስለነበር፣ ማን እንደሞተ ሳላውቅ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ለእኔ መንገድ እየለቀቀ ወደ መሃል አስገባኝ። እትዬ ብርቄ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ማዕበል ያልጣለው የጣናው ቀዛፊ፣
ለሚ ኩራ መጥቶ ሆነ ወይ አላፊ!»

በግቢያችን ስንት የጣና ቀዛፊ አለ? አንድ ብቻ ነው። ስህተት ይሆናል የሚል ሐሳብ ግን ሽው እንኳ አላለብኝም፤ ይህ ሁሉ ሕዝብ ይሳሳታል እንዴ? እኔ ውሃ ስሞላ አባባ ሞተዋል፣ አገር ሰምቷል፣ እኔ ብቻ አልሰማሁም ብዬ አመንኩ። በበርበሬ ነው የገደልኳቸው አልኩ። ሰናይትን ምን እላታለሁ?

ደረጃውን ወደ ላይ በረርኩ። የሚወርደው ሰው ብዙ ነው። መሃል ላይ አንድ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ሲወርዱ መንገዱን ዘጉብኝ። «ይቅርታ አባቴ፣ ሰው ሞቶብኝ ነው» ብዬ ገፋ አድርጌያቸው አለፍኩ። «እግዜር ያጽናህ» አሉኝ።

ቤት ስደርስ አልጋው ባዶ ነው። ዳዊታቸው ትራሱ ላይ ተከድኗል። ሬሳውንም ወስደውታል ብዬ በረንዳው ላይ ተንበረከክኩ። ያኔ ነው ከታች ሰናይትን ያየኋት። በግቢው በር እየገባች ነበር። ድንኳኑን አየች። የአባቷን ስም ሰማች። ዘንቢሉ ከእጇ ወደቀና እሷም ተከትላው መሬት ላይ ተቀመጠች፤ አልጮኸችም፣ ዝም ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን አብሮኝ የቀረው ድንጋጤ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ሲያስቀኝ ይኖራል፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ አያስቀኝም።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ድንኳኑ ጋ ስደርስ ግን ለቅሶው ቆሟል፤ የግቢው ሰው በሙሉ ወደ አንድ አግዳሚ ያያል። የሆነውን በኋላ ነው የነገሩኝ። ለካ አባባ ፎቅ ላይ ሆነው የለቅሶ ድምፅ ሲሰሙ፣ የጎረቤት ለቅሶ ቁጭ ብሎ መስማት ነውር ነው ብለው፣ የማይወዱትን ደረጃ ግድግዳ እየዳበሱ ወርደዋል። ደረጃ ላይ ገፍቼ ያለፍኳቸው ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ገብተው ከእትዬ ብርቄ አጠገብ ተቀምጠው፣ ራሳቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ደህና አድርገው አለቀሱ። ከዚያ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል አሉ።

«ሟቹ ማን ናቸው፣ እመቤቴ?»

እትዬ ብርቄ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ በኋላ ያለውን እትዬ ብርቄ አያስታውሱትም፤ ፊታቸው ላይ ውሃ የተረጨው ከእኔው ኩሬ ተቀድቶ ነው።

«እኔ ነኝ እንዴ?» አሉ አባባ።

ጋሽ ግርማ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሻሹ፣ «እንደዚያ ነው የተባለው፣ አባቴ» አሉ።

«ማን አለ?»

ግቢው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ሸራውን የወሰድኩት ለጀልባ መሆኑን፣ ጀልባዋም ለዓይናቸው መሆኑን እየተንተባተብኩ ተናገርኩ። ጋሽ ግርማ እንደ መርማሪ ቀረቡኝ።

«ዓይንህስ?»

«በርበሬ ነው።»

ሰናይት ሰው መሃል ጥሳ ገብታ አባቷ እግር ሥር ተጠቀለለች። እጃቸውን ትስማለች፣ ጉልበታቸውን ትስማለች፣ ወደ እኔ ግን አታይም። አባባ ፀጉሯን እየዳበሱ፣ «ሞቼም ተለቀሰልኝ፣ ተነስቼም ሰማሁት። ግጥሟ ደህና ነበረች» አሉ። ቀጥለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ ሰው ከተሰበሰበ አይቀር፣ ጀልባህን አምጣ።»

ጀልባዋን አመጣሁ። ውሃው ስንዝር እንደማይሞላ ጋሽ ግርማ ራሳቸው እጃቸውን ነክረው መሰከሩ። አባባ ከኩሬው አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ውሃው አቀኑ። ሰናይት ዓይኗን ጨፍናለች። ማብሪያውን ተጫንኩ።

ሄደች። በእግዜር ስም እምላለሁ፣ ጭቃ ሳትነካ፣ ጠርዝ ሳትገጭ፣ ሽው እያለች ከዳር እስከ ዳር ሄደች። ነጠላ የዘቀዘቀ ሕዝብ እልል አለ። እትዬ ብርቄ ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ሰናይት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ አየች፤ ይቅር የተባልኩ መሰለኝ። እኔ አንገቴን ቀና አድርጌ አባባ ፊት ቆምኩ።

«እህ» አሉ አባባ ወደ ውሃው እንዳፈጠጡ። «መቼ ነው የምትሄደው?»

እልልታው ቀስ በቀስ ሞተ። ጀልባዋ ወዲያ ማዶ ደርሳ ጠርዙ ላይ ሆና ትርገበገባለች። የቆመችው ሰው እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ቦታ ነው።

«አባዬ፣ ሄዳለች እኮ» አለች ሰናይት።

«ሄደች? ዝንብ መስላኝ ነበር።»

ያኔ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ጨለማ ውስጥ የማይቋረጠው ዳዊት፣ ጀልባዋን በጣት መዳበሳቸው፣ ግድግዳ ይዞ መውረድ፣ ሁላችንም እኩል ነው የምናየው ያሉት። ጉም አልነበረም። ሰውየው አያዩም። ይህን ሁሉ ጊዜ ቤቴ ተቀምጠው፣ ልጃቸውን ላለማስጨነቅ ብለው፣ የሚያዩ መስለው ኖረዋል። ሰናይት እጇን ፊታቸው ላይ ቀስ ብላ አወዛወዘች። አላዩትም። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

አባባ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዞሩ። «ይህ ሁሉ ሰው አይቷል?»

«አይተናል፣ አባቴ» አሉ ጋሽ ግርማ።

«የእናንተ ማየት ለእናንተ ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን ሰው ስዳኝ ያላየሁትን አየሁ ብዬ አላውቅም። ስለዚህ አልተረታሁም።» ሰናይት ትከሻዋ ወረደ። አባባ ግን አልጨረሱም። «አልረታሁምም። ሳላይ አልሄደችም ብዬስ እንዴት እፈርዳለሁ? ነገሩን ለመቁረጥ ማየት ሊኖርብኝ ነው።» ትንሽ አሰቡ። «ቀጠሮው መቼ ነው ያልሽኝ?»

«ሰኞ» አለች ሰናይት።

«እንግዲያው እስከዚያ ይቀጠር።»

የእድሩ ደንብ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ሸራ የሚወስድ ሰው የሟቹን ስም ተናግሮ ነው፤ በተለይ እኔ ከሆንኩ ሟቹም ሳይታይ አይሰጥም ተብሏል። አልተከራከርኩም።

አንዱ ዓይን ቀድሞ፣ ሌላው ቆይቶ ተሠራ። ፋሻው የተነሳ ዕለት አባባ ሰናይትን አገጯን ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «ሸብተሻል» አሏት። እሷ እየሳቀች አለቀሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ።

«አንተ ነህ? በድምፅህ ረጅም ሰው መስለኸኝ ነበር።»

እኔና ሰናይት ተያየን። ሰርጋችን ላይ ተቀምጠው መርቀውናል፤ ያኔም ፊቴን አላዩትም ማለት ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የእኛ መስከረም ግን ስንቴ እንደጠባ ቆጥሬ መጨረስ አቃተኝ።

የራሴን ላስቲክ ገዝቼ ኩሬውን እንደገና ሠራሁ። እትዬ ብርቄ አግዳሚውን ራሳቸው አመጡት፣ ነጠላቸውንም ዛሬ በደህናው ለብሰው ነው የወጡት። ጋሽ ግርማ ውሃውን ለኩ። አባባ ተቀመጡ። ማብሪያውን ተጫንኩ፤ ጀልባዋ ሽው ብላ ሄደች፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እንደዚያን ቀኑ። ሰናይት እንደ ልጅ ዘለለች፣ አጨበጨበች።

«እህሳ አባባ» አልኩ። «ተረቱ?»

«ምኑን?»

«ጀልባዋ እኮ ደርሳለች።»

አባባ ወደ ውሃው አልነበረም የሚያዩት።

«አላየኋትም» አሉ። «ሰናይትን ሳይ ነበር። እንደገና ላካት።»